ፈረስ ላይ ሆኖ ወንጭፍ ይሆናል?

ጠያቂ፦ ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወጥቼ ማሽላ ከወፍ እጠብቅ ነበር። ድንጋዩ ሲለቀቅ የወንጭፉ ጫፍ እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ ወፉ ገና ሳይመታ ይበራል። ፈረስም ጋልቤያለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን ሞክሬ አላውቅም። በጥንቱ ጦርነት ሁሌ የሚነሳው ፈረሰኛ ቀስተኛ ነው። ባለ ወንጭፉ ለምን ቀረ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማማው ላይ እግርህን እንዴት ታደርግ እንደነበር አስታውስ። አንዱን ታስቀድምና ከወገብህ ትዞራለህ፤ ጉልበቱ ከእግር ነው የሚነሳው። ኮርቻ ላይ ያ የለም። ወንጭፉ ሲዞርም የፈረሱ ጭንቅላት እዚያው አጠገብህ ነው! ስመ ጥሮቹ የባሊያሪክ ደሴቶች (ስፔን አጠገብ ያሉት) ወንጫፊዎች ለሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅም ለሮምም የተዋጉት በእግራቸው ነው።

ሌላ መልስ፦ ቀስት ግን ለፈረስ ተመቸ። የሞንጎሎቹ ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት ተጣብቆ የሚሠራ ነው፤ አጭር ስለሆነ በፈረሱ አንገት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ልጓሙ ይለቀቃል፣ ፈረሱ በጭን ይነዳል። የጥንቷ ፋርስ ገዥዎች ፓርቲያውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ53 በጄኔራል ክራሰስ የሚመራውን የሮማ ጦር የደመሰሱት እንዲህ ከፈረስ ላይ በቀስት ነው። እርካብ እንኳ አልነበራቸውም! ቦታው የአብርሃም ካራን ነው። ፍላጻ እንዳያልቅ በግመል ጭነው ከኋላ ያቀርቡ ነበር፤ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ጠያቂ፦ የጃፓኖቹ ቀስት ግን ከ2 ሜትር ይበልጣል አይደል?

መልስ፦ አዎ፣ ግን የሚያዘው ከመሃሉ ዝቅ ብሎ ነው። የታችኛው ክንፍ አጭር ስለሆነ ፈረሱን አይነካም።