ጥቆማ፦ ለአንጎል ምስል ትንተና ሥልጠና ላፕቶፕ የሚያዘጋጅልን ባለሙያ (ድሬዳዋ ወይም ሐረር)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ሐረር ላይ በኤምአርአይ የተነሣ የአንጎል ምስል አተናተን የተግባር ሥልጠና አለን። ሰልጣኞቹ የየራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ፤ አብዛኛው ዊንዶውስ ነው። የምናስተምርባቸው ኤፍኤስኤልና ፍሪሰርፈር የተባሉ የአንጎል ምስል መተንተኛ ፕሮግራሞች ደግሞ የሚሠሩት በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስና በማክ ሥርዓተ ክወና ላይ ነው። በአዳራሹ ኢንተርኔት ተማምኖ ሁሉም ሰው በዕለቱ ያውርድ ማለት አይቻልም። ይህን አስቀድሞ የሚጭንልን ሱቅ ወይም ባለሙያ ጠቁሙኝ።

የከዚራ ነዋሪ፦
ሌላ ቦታ አትድከሚ። ከዚራ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያለው ልጅ ጋ ውሰጂው። እጁ ወርቅ ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊኑክስ ላይ ሠርቶ ያውቃል?

የከዚራ ነዋሪ፦
የማይሠራው ነገር የለም። ሦስት ሱቅ የመለሰውን ፕሪንተሬን ያዳነልኝ እሱ ነው።

ተመራቂ፦
እህቴ፣ ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። እኔ ኡቡንቱን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው) ከዊንዶውሱ ጎን ጫኑልኝ ብዬ ለአንድ ሱቅ ሰጠሁ። ልወስድ ስሄድ ኡቡንቱ አለ፤ ዊንዶውሱም፣ ፋይሎቼም፣ የመመረቂያ ጽሑፌም የሉም። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ነው የጫኑት። ሠራተኛው ደግሞ «አላስቀመጥክም ነበር?» ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ።

የሳቢያን ልጅ፦
የትኛው ሱቅ ነው? ታይዋን ገበያ ውስጥ ነው? ሕዝብ እንዲጠነቀቅ ስሙን ተናገር እንጂ!

ተመራቂ፦
ስም አልጠራም። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘቤን መልሷል። ጽሑፉን ግን ማን ይመልስልኛል?

የከዚራ ነዋሪ፦
የእኔ ልጅ ሊሆን አይችልም። እሱ ሳይጠይቅ ምንም አይነካም።

ተመራቂ፦
እሱ ነው አላልኩም እኮ ወንድሜ።

እናት ከመልካ ጀብዱ፦
ልጆቼ፣ ሴት ልጄን ራስ ምታት ካሠቃያት ቆየ። ኤምአርአይ የሚያነሡት የት ነው?

ነርስ ከሐረር፦
እናቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ኤምአርአይ የሚታዘዘው ሐኪም አይቶ ሲያስፈልግ ነው። መጀመሪያ ድል ጮራ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ወደ ሐረር ከመጡ ደግሞ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ። ከራስ ምታቱ ጋር ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአንድ ጎን መድከም ካለ ግን ነገ ዛሬ አይበሉ።

ሰይድ ከአራተኛ፦
የጠየቀችው ስለ ሊኑክስ ነው፤ የተመለሰላት ስለ ፕሪንተር። አሁን የቀረን የባጃጅ ታሪፍ ነው።

የማታ ተማሪ፦
ለምን ኤስፒኤም የተባለውን የአንጎል ምስል መተንተኛ አትጠቀሙም? ዊንዶውስ ላይ ይሠራል።

ጠያቂ፦
ኤስፒኤም ማትላብ የሚባል የስሌት ፕሮግራም ይፈልጋል፤ የማትላብ ፈቃድ ደግሞ በገንዘብ ነው። ያለ ማትላብ የሚሠራ ቅጂ እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን መልመጃዎቻችን በሙሉ የተጻፉት ለኤፍኤስኤል ነው።

የኮምፒውተር መምህር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ይህ ሥራ ከባድ አይደለም። ሊኑክሱን ለብቻው አታስጭኚ፤ በወንድማችን ላይ የደረሰው የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። ዊንዶውሱ ውስጥ ደብልዩኤስኤል የሚባለውን፣ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራውን፣ አስነሥተሽ ኡቡንቱን እሱ ላይ አድርጊ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራው ቨርቹዋል ቦክስም ይሆናል፤ ግን የመደብሽለትን ራም ቆርጦ ስለሚይዝ አነስተኛ ላፕቶፕ ላይ ያንቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቨርቹዋላይዜሽን የሚባል አማራጭ ከባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሣ ከሚገኘው ማስተካከያ) መከፈት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2 ተጭነሽ ትገቢያለሽ።

ኢንተርኔት ደህና የሆነበት ቦታ አንዱን ላፕቶፕ ብቻ ጨርሺው። ከዚያ ደብልዩኤስኤል ኡቡንቱውን ከነፕሮግራሞቹ ወደ አንድ ፋይል ያወጣልሻል፤ ያንን በየላፕቶፑ እያስገባሽ መሄድ ነው። ፋይሉ ትልቅ ስለሚሆን ፎርማቱ ፋት32 የሆነ ፍላሽ አይሆንሽም፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ፎርማቱን ወደ ኤክስፋት ቀይሪው።

ፍሪሰርፈር በነፃ የሚሰጥ የፈቃድ ፋይል አለው፤ ሰልጣኞቹ አስቀድመው በኢሜይል ይመዝገቡ። ሙሉ ሂደቱ ለአንድ አንጎል ሰዓታት ስለሚወስድ ያለቀለትን ውጤት ይዘሽ ቅረቢ።

ለየትኛውም ሱቅ ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ እዚያው ቆመሽ ፈትኚ። «ቤት» በሚባለው የኤፍኤስኤል መሣሪያ የራስ ቅሉን አስወግጂና ውጤቱን ኤፍኤስኤልአይዝ በሚባለው የምስል መመልከቻ ክፈቺው። የቆየ ዊንዶውስ 10 ላይ ትእዛዙ ሠርቶ መስኮቱ ላይከፈት ይችላል። አንጎሉ ብቻውን በስክሪኑ ላይ ካልታየ ሥራው አላለቀም።

ነርስ ከሐረር፦
አንድ ነገር ልጨምር። የታካሚ ምስል ያለበትን ላፕቶፕ ለሱቅ አትስጡ። የሕክምና ምስል በሚቀመጥበት ዳይኮም በሚባለው ፋይል ውስጥ ስምና የልደት ቀን ይኖራል፤ እነሱ ቢጠፉ እንኳ ከምስሉ ላይ የሰውየው ፊት ተመልሶ ሊሠራ ይችላል። ለልምምድ ኦፕንኒውሮ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት የሆኑ የአንጎል ምስሎች አሉ።

የሳቢያን ልጅ፦
እኔ ግን የሱቁን ስም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጠያቂ፦
መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። እህቴም ስለ ዳይኮሙ ልክ ነሽ፤ ክፍት ምስሎችን ብቻ እንጠቀማለን። ኤክስተርናል ዲስክ ልገዛ ነው፤ የተጻፈበትን ያህል የሚይዝ መሆኑ በምን ይታወቃል?

የኮምፒውተር መምህር፦
እስኪሞላ ጫኚበትና መልሰሽ ክፈቺው። ሐሰተኛው እውነተኛ መጠኑ ሲያልቅ ፋይሉን ያበላሸዋል። ሳትፈትኚና ደረሰኝ ሳትቀበዪ አትውጪ።

የከዚራ ነዋሪ፦
ዲስክም እሱ ጋ አለ።