16 ኪሎባይት የማይደግፍ ላይብረሪ ይዞኝ ቀረ

ጥያቄ፦ ለመርካቶ ባለሱቆች የዕቃ መመዝገቢያ አፕ ሠርቻለሁ። ባርኮድ የሚያነብልኝ የሌሎች ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ነው። ጎግል ፕሌይ ከጥቅምት 22 ቀን 2018 ጀምሮ፣ አንድሮይድ 15ና ከዚያ በላይን ዒላማ ያደረገ አፕ ባለ 16 ኪሎባይት የሜሞሪ ገጽ (ሲስተሙ ሜሞሪን የሚከፋፍልበት ቁራጭ፤ ድሮ 4 ኪሎባይት ነበር) ይደግፍ ብሏል። የእኔ ኮድ በኮትሊን ቋንቋ ብቻ ስለተጻፈ ይህ አይነካውም። ያሰረኝ የላይብረሪው ኤስኦ ፋይል (ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠ ኮድ) ነው። ባለቤቶቹን ከጠየቅኩ ስምንት ወር ሆነኝ፤ መልስ የለም። እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ 1፦ ኮዱ ክፍት ከሆነ አትጠብቅ። ራስህ በኤንዲኬ 28 (የአንድሮይድ የሲና ሲ++ ኮድ መሥሪያ) ኮምፓይል አድርገው፤ 16 ኪሎባይቱን በራሱ ያስተካክላል።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ ኮዱ ውስጥ የገጹን መጠን 4096 (4 ኪሎባይት በባይት) ብለው በቁጥር ጽፈው ከሆነ ግን ያ ብቻ አይበቃም። ፈልገው። ባለ 16 ኪሎባይት ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክን የሚመስል ፕሮግራም) ላይም ሞክር።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! 4096 ሁለት ቦታ አገኘሁ። መጠኑን ከሲስተሙ እንዲጠይቅ አደረግኩት፤ አሁን ይሠራል። ማስተካከያውን ለባለቤቶቹም ላክሁላቸው።