የእናቴን ቤት አስይዤ ወደ ዊልቸር ሥራ ልግባ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደብረ ማርቆስ ከተማ በርና መስኮት የምሠራበት አነስተኛ የብየዳ ቤት አለኝ። የአንድ ጎረቤታችን ዊልቸር የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ደረቅ በመሆናቸው በኮብልስቶኑ መካከል እየተሰነቀሩ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ውስጥ እየሰመጡ ከቤት ሲያውሉት ስላየሁ፣ ከቱቦላሬና ከብስክሌት ዕቃ ባለ ሦስት ጎማ ዊልቸር ሠራሁለት። አሁን ማንም ሳይገፋው ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳል። ይህን ያዩ ሰዎች ለቤተሰቦቻቸው እንድሠራላቸው ይጠይቁኛል፤ ዋጋውን ስነግራቸው ግን አብዛኞቹ «እንመለሳለን» ብለው በዚያው ይቀራሉ።

ሥራውን ለማስፋት የቱቦ ማጠፊያ ማሽን ያስፈልገኛል፤ ብድሩን የማገኘው የእናቴን ቤት በዋስትና ካስያዝኩ ነው። ባለቤቴ «እንጀራችን በርና መስኮቱ ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ይህን ያህል መድፈር ተገቢ ነውን? እስከ መቼስ ነው ገበያውን በትዕግሥት መጠበቅ የሚገባኝ?

መልስ 1 (ከቡሬ)፦

ወንድሜ፣ እኔ ነጋዴ ስለሆንኩ በነጋዴ ዓይን ልመልስልዎ። የእናትዎን ቤት አያስይዙ። የሚፈልጉት ማሽን ከሆነ፣ በካፒታል ዕቃ ኪራይ ማለትም በሊዝ ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በዚህ አሠራር ክፍያው ተጠናቆ እስኪያልቅ ማሽኑ የአከራዩ ድርጅት ንብረት ሆኖ ስለሚቆይ፣ ነገሩ ባይሳካ የሚወሰደው ማሽኑ እንጂ የእናት ቤት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች እንደ ዊልቸርና መነጽር ካሉት አጋዥ መሣሪያዎች ቢያንስ አንዱ እንደሚያስፈልጋቸው፣ በአንዳንድ ድሃ አገሮች ግን የሚያገኙት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ተገልጿል። ይህን ያነበበ ሰው ገበያው ሰፊ ነው ብሎ ሊቸኩል ይችላል። ፈላጊ መብዛቱ ግን ገዢ አለ ማለት አይደለም፤ «እንመለሳለን» ብለው የሄዱት ሰዎች ይህን አስቀድመው ነግረዎታል።

መልስ 2 (ከባሕር ዳር)፦

የቡሬው ወንድማችን ስለ ዋስትናው በተናገረው እስማማለሁ። የመካኒካል ምሕንድስና መምህር እንደመሆኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ያቺ አንዷ ዊልቸር ስለሠራች ሁለተኛዋም ትሠራለች ማለት አይቻልም። የፊት ጎማው ማቀፊያ ከዋናው ቱቦላሬ ጋር የተበየደበት ቦታ በየድንጋዩ ስለሚመታ ብየዳው ከዚያ ይጀምራል መሰንጠቅ፤ ሰውየው ቁልቁለት ላይ ሳለ ከተሰበረ ደግሞ የመድፈሩን ዋጋ የሚከፍለው እሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ስለዚህ ለሌላ ሰው ከመሸጥዎ በፊት ከተጠቃሚው ክብደት በላይ ጭነው በኮብልስቶን ላይ ያመላልሱት፤ ስንጥቁንም በዓይን ብቻ አይፈልጉ፣ ብየዳውን ጠርገው ነጭ ናፍጣ ይቀቡትና ላዩን ጠርገው ካደረቁት በኋላ ስንጥቁ ናፍጣውን መልሶ የሚያወጣበትን መስመር ይመልከቱ።

ስለ ጽናት ለጠየቁት አንድ ምሳሌ ላንሳ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከብስክሌት ዕቃዎች የሚሠራ፣ በሁለት የእጅ ማንሻዎች የሚነዳ ዊልቸር ተነድፎ ነበር፤ ማንሻውን ከፍ አድርገው ሲይዙት ጉልበት፣ ዝቅ አድርገው ሲይዙት ፍጥነት ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በምሥራቅ አፍሪካ ሲሞከሩ ከባድና ሰፊ በመሆናቸው ለቤት ውስጥ እንደማይመቹ ተጠቃሚዎቹ ተናገሩ፤ ንድፉም እንደገና ተሠራ። ከሥራው ባለቤቶች የተወሰኑት እ.ኤ.አ. በ2012 ግሪት የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ያንኑ አሠራር መክፈል ለሚችለው ለአሜሪካ ገበያም አቀረቡት። እነዚህ ሰዎች የጸኑት በዓላማቸው ነው፤ ንድፉንና ገዢውን ለመለወጥ ግን አላንገራገሩም።

መልስ 3 (ከፍኖተ ሰላም)፦

ሁለቱ ወንድሞች ስለ ብሩና ስለ ብረቱ በሚገባ ጽፈዋል፤ እኔ ዊልቸሩ ላይ ስለምቀመጠው ልጻፍ። ከወገቤ በታች ስሜት ስለሌለኝ ለእኔ ከጎማው በፊት የሚቀድመው መቀመጫው ነው። በላሜራ ላይ የተነጠፈ ስስ ስፖንጅ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ ቁስል ሳይታወቀኝ ይጀምርና ለወራት አልጋ ላይ ያውለኛል። ባሕር ዳር በሚገኘው የአካል ተሐድሶ ማዕከል የሰውን ልክ እንዴት እንደሚወስዱ ሄደው ቢመለከቱ ከማጠፊያ ማሽኑ ይበልጥ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ።

ገበያውን በተመለከተ፣ ከአዲስ ዊልቸር በፊት ጥገናውን ያስቡበት። በእርዳታ የሚመጣ ዊልቸር ጎማው ሲቀደድ ወይም ኩሽኔታው ሲያልቅ፣ ልኩ እዚህ ሱቅ ከሚሸጠው የብስክሌት ዕቃ ጋር ስለማይገጥም ጓዳ ይጣላል። ያንን አውጥቶ የአገራችን ጎማ እንዲቀበል አድርጎ የሚያስተካክል ሰው ባገኝ በደስታ እከፍለዋለሁ፤ ሙሉ ዊልቸር መግዛት የማይችል ቤተሰብም ለዚህ የሚሆን አያጣም። በዚያ ላይ የሰው ሁሉ ዊልቸር የት የት እንደሚሰበር በእጅዎ ያዩታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ መሥሪያ ቤት ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታና ቁሳቁስ እንዲያመቻች ያዝዛል። ከድሃ ቤተሰብ ኪስ ብቻ ከመጠበቅ፣ ናሙናዎን ይዘው የመሥሪያ ቤቶችን በር ያንኳኩ። ብዙዎቹ «በጀት የለም» ይሉዎታል፤ ጽናት የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚያ ነው።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቤቱን ነገር ትቼዋለሁ፤ በርና መስኮቱን እየሠራሁ በጓሮ በኩል ጥገናውን እጀምራለሁ። እኅቴ፣ የእርስዎ ዊልቸር የኋላ ጎማው ስንት ኢንች እንደሆነና የመሐል ብረቱ ውፍረት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ቢለኩልኝ፣ የባለ 24 ኢንች ብስክሌት ቸርኬ ይገጥም እንደሆነ እሞክረው ነበር።

ከፍኖተ ሰላም፦

ጎማው ላይ 24 ይላል። የመሐል ብረቱን ወንድሜ ቅዳሜ ሲመጣ አስለክቼ እጽፍልዎታለሁ።