ፓስፖርቴና ትራንስክሪፕቴ ላይ የስሜ አጻጻፍ ተለያየ፤ ለማስተርስ ማመልከቻ ምን ላድርግ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጀርመንና አሜሪካ ላመለክት ነው። ስሜ በአማርኛ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ነው፦ ጠይባ አብዱላሂ ከድር። ችግሩ ያለው በላቲኑ ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱና የሐረማያው ትራንስክሪፕት «ጠይባ»ን በአንድ ዋይ፣ «አብዱላሂ»ን በአንድ ኤል፣ «ከድር»ን በኬ-ኤ ይጽፋሉ። ፓስፖርቱ ላይ ግን ሁለት ዋይ፣ ሁለት ኤል፣ ከድርም በኬ-ኢ ነው። የዲግሪው ወረቀት አያቴን ጭራሽ አይጠቅስም። የ8ኛ ክፍሉ በቁቤ ስለሆነ ጠይባ በኤክስ ይጀምራል። ቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውን) ገና አልተመዘገብኩም። ፍርድ ቤት ሄጄ ላስተካክል ወይስ ሬጅስትራር ያስተካክልልኛል? ፎርሙ ላይ «ላስት ኔም» የሚለው ውስጥስ የማንን ስም ነው የምጽፈው?

ለገሃሬ፦
እህቴ፣ ፍርድ ቤቱን ተይው። ፍርድ ቤት የሚኬደው ስሙ ራሱ ሲለወጥ ነው፤ ለምሳሌ አንዱ ወረቀት አባትሽን በመዝገብ ስሙ፣ ሌላው በሰፈር መጠሪያው ከጠራው። ያንቺ ጉዳይ አማርኛው አንድ ሆኖ የላቲን ፊደል መለያየት ብቻ ነው። ይህ በማብራሪያና በቃለ መሐላ ያልቃል። ስም የማስቀየር ውሳኔ ብታወጪ ጭራሽ የድሮዎቹን ወረቀቶች የሌላ ሰው አስመስለሽ ታርፊያለሽ።

ከዚህ በኋላ የሚመራሽ ፓስፖርቱ ነው። በእኛ ፓስፖርት «ሰርኔም» የሚለው ቦታ ላይ የሚገባው የአያት ስም ነው፤ «ጊቨን ኔም» ላይ የራስሽና የአባትሽ። ስለዚህ ላስት ኔም ከድር፣ ፈርስት ኔም ጠይባ አብዱላሂ። ከተጠራጠርሽ ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዪ፤ እያንዳንዳቸው 44 ቦታ አላቸው። የላይኛው በፒ ይጀምራል፣ የአገሪቱ ምልክት ኢ-ቲ-ኤች ይከተላል፣ ወዲያው ሰርኔም ይመጣል። ከሰርኔሙ በኋላ የማዕዘን ቅንፍ የሚመስለው ምልክት ሁለት ጊዜ ይደረደራል፣ ቀጥሎ ጊቨን ኔሙ ነው። የኤርፖርቱም የኤምባሲውም ማሽን የሚያነበው ይህንን ነው፤ ፊደል በፊደል ቅጂው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በአገር ቤት ልማድ «የአባት ስም» ስለምንል ላስት ኔም ላይ አባታቸውን ይጽፋሉ። ቶፍሉ አብዱላሂ በሚል ሰርኔም ይወጣል፣ ማመልከቻው ከድር ይላል፣ የዩኒቨርሲቲው ሲስተም ውጤቱን ከፋይልሽ ጋር ማገናኘት ያቅተዋል። «ውጤትሽ አልደረሰንም» የሚል ኢሜይል የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ቶፍል ሲሆን ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ የተመዘገብሽበት ስም ከመታወቂያሽ ካልገጠመ ፈተናው ላይ አያስቀምጡሽም፣ የከፈልሽውም አይመለስም። ገና አለመመዝገብሽ ትልቅ ዕድል ነው።

ሬጅስትራርን በተመለከተ፦ ዩኒቨርሲቲ የተማሪን ስም የሚይዘው ከ12ኛ ክፍል ውጤት ጋር ከመጣው ዝርዝር ነው። ትራንስክሪፕትሽ ከ12ኛ ክፍሉ ጋር እስከገጠመ ድረስ እነሱ አልተሳሳቱም፣ ስለዚህ «በፓስፖርቴ ልክ አርሙልኝ» ብትይ እሺ አይሉሽም። ዲግሪው ላይ የአያት ስም መቅረቱ ግን የእነሱ ጉዳይ ነው። በመታወቂያ ቁጥርሽ ጠቅሰሽ፣ «በዲግሪው ላይ ጠይባ አብዱላሂ፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ጠይባ አብዱላሂ ከድር ተብላ የተጠቀሰችው አንዲት ተማሪ ናት» የሚል ባለማኅተም ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጠይቂ። ደብዳቤው ላይ የዲግሪው፣ የትራንስክሪፕቱና የፓስፖርቱ ሦስቱም አጻጻፍ ይስፈር። ያለዚያ ሌላ ደብዳቤ ፍለጋ ትመለሻለሽ።

ጀጎል በር፦
ለገሃሬ ያለው ልክ ነው፤ ቃለ መሐላው ላይ ግን ጨምሬ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እሱ ነውና።

ድሬዳዋ ከሆንሽ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት እዚያው ቅርንጫፍ አለው። ሐረር ያለ ሰው የክልሉን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ቃለ መሐላው በአማርኛ ነው የሚጻፈው። አቦ፣ ችግሩም እሱው ነው! ልዩነቱ ያለው በላቲን ሆኖ ሳለ ሰነዱ «ጠይባና ጠይባ አንድ ሰው ናቸው» ብሎ ቁጭ ይላል። አንብቦ የሚገባው የለም። ስለዚህ ረቂቁን ስታስጽፊ እያንዳንዱን የላቲን አጻጻፍ በአማርኛው ጽሑፍ መሃል በካፒታል ፊደል አስገቢ፤ ከጎኑም በየትኛው ወረቀት ላይ እንዳለ፣ የወረቀቱ ቁጥርና የተሰጠበት ቀን ይጻፍ።

ቀጥሎ ትርጉም ቤት። ተርጓሚው ስምሽን በራሱ ግምት ይጽፍና አራተኛ አጻጻፍ ይወለዳል። የፓስፖርቱን ኮፒ አብረሽ ስጪ፣ ማኅተም ከመመታቱ በፊት ረቂቁን አንብቢ። ማኅተሙም ስሙ ላይ እንዳያርፍ ንገሪያቸው፤ ስካን ሲደረግ ፊደሉ ይጠፋል።

ዩኒቨርሲቲው በግልጽ ካልጠየቀ ለማረጋገጫ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረስ አትድከሚ። ለማመልከቻ ደረጃ የተተረጎመ ቃለ መሐላ ከሬጅስትራሩ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፒዲኤፍ ተሰፍቶ በቂ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የ8ኛ ክፍሉንስ ላያይዝ? በኤክስ መጀመሩ ያስጨንቀኛል።

ጀጎል በር፦
ካልተጠየቅሽ አታያይዢ። ለማስተርስ የሚፈለገው የዩኒቨርሲቲው ወረቀት ነው፤ ጀርመኖች አንዳንዴ የ12ኛውን ይጨምራሉ እንጂ ወደ 8ኛ አይወርዱም። ያልተጠየቀ ወረቀት ያልተጠየቀ ጥያቄ ይወልዳል።

የግድ ከሆነ ግን ፊደሉ ምን ድምፅ እንዳለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረጂ። በቁቤ ኤክስ «ጠ» ነው፣ ሲ «ጨ»፣ ኪው «ቀ»። በሶማሊኛ ደግሞ ያው ኤክስ «ሐ» ይሆናል፣ ሲ «ዐ»፤ ሐሰን በኤክስ፣ ዐሊ በሲ ይጻፋል። ከእኛ አካባቢ የሚወጣ ፋይል ላይ ሁለቱም ሥርዓት ሊኖር ይችላል፤ የጀርመን መርማሪ ይህን ከየት ያውቃል?

ከዚራ፦
ፎርሙ ላይ «ሌሎች የሚታወቁባቸው ስሞች» የሚል ቦታ አለ፣ ሰው ይዘለዋል። የትራንስክሪፕቱን አጻጻፍ እንዳለ እዚያ ጻፊው። ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር በቀጥታ ሲላክ የሚፈለገው በዚያ ስም ነው፤ ሲልኩልሽም የማመልከቻ ቁጥርሽን ፖስታው ወይም ኢሜይሉ ላይ ያስፍሩ። አማካሪሽ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ስጪው።

አሜሪካኖቹ ከተቀበሉሽ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጥሽ ቅጽ) የሚሠራው በፓስፖርቱ ስም ነው። የቪዛው ፎርም፣ ዲኤስ-160፣ ሌላ ስም ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» በይና ማመልከቻው ላይ የጻፍሽውን ያንኑ አስገቢ። ስምሽን በአገርሽ ፊደል ጻፊ የሚልም ቦታ አለው፤ እዚያ በአማርኛ ነው የሚገባው።

ለገሃሬ፦
አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የልደት ቀኑንም አብረሽ አመሳክሪ። ስም ሲለያይ ቀጥሎ የሚያዩት ቀኑን ነው፤ ቀኑ ከገጠመ የፊደሉን ልዩነት በቀላሉ ያልፉታል። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ ፈረንጅ አድርጎ መጻፍ ነው። ሌላው ወሩን ሳያዩ 7 ብቻ መደመር። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ነው። ጥር 5 ቀን 1993 የተወለደ ሰው ጃንዋሪ 13 ቀን 2001 ነው እንጂ 2000 አይደለም። «5/5» ብሎ ቀኑንና ወሩን ሳይቀይር ዓመቱን ብቻ የለወጠ ወረቀትም ሞልቷል።

ሐረር ነኝ፦
ፓስፖርት ገና ያላወጣስ?

ለገሃሬ፦
ያ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከሁሉም በኋላ የሚወጣው ፓስፖርቱ ስለሆነ በሌሎቹ ወረቀቶች ልክ ሊያሠራው ይችላል። ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ስትመዘገብ የላቲኑን አጻጻፍ ስክሪኑ ላይ ሳታይ «እሺ» አትበል፣ ትራንስክሪፕቱን ይዘህ ግባ። የልደት ሰርተፍኬቱንም በዚያው ፊደል አስጽፍ፣ ከዚያ ለፓስፖርት አመልክት። ፋይዳው ቀድሞ ከተሳሳተ መጀመሪያ እሱን በማስረጃ አሳርመው፤ ፓስፖርቱን አውጥተህ ወደ ኋላ መመለስ ድካም ነው። የዲግሪ ወረቀቱ ላይ «ዓለማያ» ተብሎ የተጻፈ የቆየ ተመራቂ ካለም ይህንኑ መንገድ ይከተል፤ የዩኒቨርሲቲው ስም በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ወደ ሐረማያ መቀየሩን ሬጅስትራሩ ደብዳቤው ላይ ይጨምርለታል።