«የኛ ታሪክ አይደለም»፦ የፋርምቪል ጉዞ ክርክር

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ትናንት የወላጆች ስብሰባ ላይ የተባለው እንቅልፍ ነሥቶኛል። የቅዳሜ አማርኛ ክፍል ልጆችን ይዘን ፋርምቪል፣ ቨርጂኒያ እንሂድ ሲባል አንድ ወንድም ተነሥተው «ሦስት ሰዓት ተነድቶ የገጠር ፍርድ ቤት ይታያል እንዴ? የኛ ታሪክ አይደለም» አሉ። ሰውም አጨበጨበ። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው እየሰሙ!

ሾፌሩ፦ ተናጋሪው እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። ሃያ ዓመት በቨርጂኒያ መንገድ ነድቻለሁ። የካውንቲ መቀመጫ የሚባሉት ከተሞች ሁሉ አንድ ናቸው፤ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ፍርድ ቤት፣ ደጁ ላይ የኮንፌዴሬት (በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነት እንዳይቀር የተዋጋው የደቡብ ጦር) ወታደር ሐውልት። ልጆቻችን ፊደል ሳይለዩ፣ አድዋን ሳያውቁ የሰው ታሪክ ልናስጠናቸው ነው?

መምህር፦ ወንድሜ፣ ፋርምቪል ወርደው አይተዋል ወይስ አልፈዋት ነው? የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ መቀመጫ ናት። «ሞተን» የሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ለ180 ተማሪዎች ተሠርቶ ከ450 በላይ ታጨቁበት። የተረፉት ሬንጅ በተቀባ ወረቀት በተለበጠ ጎጆ ተማሩ። ኤፕሪል 23 ቀን 1951 (እ.ኤ.አ.) ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ርእሰ መምህሩን በስልክ አታልለው ከግቢ አስወጡና ተማሪውን አዳራሽ ሰብስበው አድማ መቱ። ከአድማው የተነሣው ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪን ለያይቶ ማስተማርን በከለከለበት፣ «ብራውን» በሚባለው ፍርድ ከተካተቱት አምስት መዝገቦች አንዱ ነው። ከአምስቱ ተማሪ የጀመረው ይሄ ብቻ ነው። አዳራሹ ዛሬም አለ፣ ሙዚየም ሆኗል።

ሾፌሩ፦ አከብራለሁ። ግን የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ነው። እኛ በሰንሰለት አልመጣንም፣ በአውሮፕላን ነው የመጣነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ «በአውሮፕላን ነው የመጣነው»! በየትኛው ሕግ? በአገር የተከፋፈለውን የድሮ ኮታ ያነሣው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ የወጣውም የሲቪል መብት ሕግ በጸደቀ በዓመቱ ነው። በሩን የከፈቱልን ሰዎች ደም ከፍለዋል። አውሮፕላኑ በባዶ ሰማይ አልመጣም።

ሾፌሩ፦ ውለታቸውን አልካድኩም። ውለታና ታሪክ ለየቅል ነው አልኩ እንጂ።

ጋሽ ዘማች፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ተዘለለ። ፍርዱ ከወጣ በኋላ የካውንቲው ሹማምንት ጥቁርና ነጭ አብሮ ከሚማር ብለው በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጉ። እስከ 1964! ለነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ከጥቁሮቹ ዘመድ ያለው ወደ ሌላ ከተማ ተላከ፣ ብዙው ቤቱ ቀረ። እኔ የዕድገት በኅብረት ዘማች ነኝ፤ ደብተር ዘግቶ መቆየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ከተማ ሳይ ሆዴ ተላወሰ።

የመንታ እናት፦ ጋሼ ልክ ነዎት። እኛ አምና ሄደናል። ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጄ «አምስት ዓመት ተዘጋ» ሲሏት በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረችና «እማዬ፣ ሲከፈት ሰባተኛ መሆን ነበረብኝ» አለችኝ። ያን ቀን መኪና ውስጥ ታብሌቷን አልነካችም። ይቺን ልጅ «ያንቺ ታሪክ አይደለም» የሚላት ይምጣና ይንገራት።

ካርታ አንባቢ፦ እዚያ ከሄዳችሁ አፖማቶክስ ቅርብ ነው፤ የደቡቡ ጦር ጄኔራል ሊ እጁን የሰጠበትን ፍርድ ቤትም እዩ።

መምህር፦ ፍርድ ቤት ውስጥ አይደለም! «አፖማቶክስ ኮርት ሃውስ» የመንደሩ ስም ነው። ሊ በ1865 እጁን የሰጠው ማክሊን በሚባል ሰው መኖሪያ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1892 ተቃጥሎ የካውንቲው መቀመጫ ወደ ባቡር ጣቢያው ከተማ ዞረ።

ካርታ አንባቢ፦ ስሙ ኮርት ሃውስ እየተባለ ሰው ቢሳሳት ይፈረድበታል?

መምህር፦ አይፈረድበትም። ለልጆች ከመነገሩ በፊት ግን ይስተካከል።

ሾፌሩ፦ ታሪክ ይህን ያህል የምትወዱ ከሆነ እዚሁ ቨርጂኒያ ሊስበርግ ፍርድ ቤት ደጅ የነበረው የኮንፌዴሬት ሐውልት በ2020 ሲነሣ ለምን ዝም አላችሁ? ጣሊያን የምኒልክን ሐውልት ሲነቅል እኛ አላለቀስንም?

ጋሽ ዘማች፦ ምኒልክንና ያንን በአንድ አፍ አይጥሩብኝ! ምኒልክን የነቀለ ወራሪ ነው።

መምህር፦ የሊስበርጉ የቆመው በ1908 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ከ43 ዓመት በኋላ። በባርነት የተያዘው ሰው ልጅ አቤት ሊል ወደ ፍርድ ቤት ሲገባ በዚያ ሥር እንዲያልፍ ነው ያቆሙት። ማንም አልሰበረውም፤ ለተከለው ማኅበር ተመለሰ።

ሾፌሩ፦ «እንዲያልፍ ነው ያቆሙት» የሚለውን ከየት አመጡት? ሟቾቻቸውን ሊያስቡ ቢሆንስ?

መምህር፦ ለሟች መቃብር ቦታ አለ። ዳኛው ደጃፍ ምን አመጣው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ስለ ፍርድ ቤት ካነሣን እኔም አለኝ። ወደ ሪችመንድ ስንወርድ ከ95 አውራ ጎዳና ብዙ የማትርቅ ቦውሊንግ ግሪን አለች፤ የካሮላይን ካውንቲ መቀመጫ። ጥቁርና ነጭ ተጋቡ ተብለው ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ በ1959 የተፈረደባቸው እዚያ ነው። አንድ ዓመት እስራት፤ ቨርጂኒያን ለ25 ዓመት ለቀው ከሄዱ ላይታሰሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻረው በ1967 ነው። የወንድሜ ሚስት ነጭ ናት፣ ሦስት ልጅ ወልደዋል። እነዚያ ልጆች ቦውሊንግ ግሪን ቢቆሙ የማን ታሪክ ነው የሚያዩት?

ሾፌሩ፦ የወንድምሽን ቤት አላነሣሁም እቱ። ስለ አማርኛ ክፍሉ ነው የማወራው፤ ቅዳሜ ከሄዱ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው።

የመንታ እናት፦ እሑድ ይሁን እንዳንል ቅዳሴ አለ።

ሾፌሩ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ቅዳሜ አይሆንም።