መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ፣ ኢንተርኔትም የማያስገባ የቤት ኮምፒውተር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከአንድ ጡረተኛ፣ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

ጤና ይስጥልኝ። በቤታችን ያለው ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ሲሆን ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። እኔ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ስለሆንኩ የአባላትን ወርሃዊ መዋጮ በኤክሴል እመዘግብበታለሁ፤ የልጅ ልጆቼም ትምህርታቸውን ይከታተሉበታል። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው መክፈት፣ መጻፍ፣ ማተምና መዝጋት ስለሆነ፣ መልስ የምትሰጡኝ ሁሉ በየትኛው ቁልፍ ምን እንደማደርግ ሳይቀር ብትገልጹልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ ኮምፒውተሩን ስከፍት ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣና ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ እንድጫን ይጠይቀኛል። ስጫነው ዊንዶውስ ይከፈታል፤ ነገር ግን ከታች በቀኝ በኩል የሚታየው ቀን ወደ 2010 ተመልሶ አገኘዋለሁ። ዓመቱን 2018 ብዬ ብሞላም፣ ሰዓቱንም ከግድግዳው ሰዓት ጋር ባስማማም፣ ጉግልም ሆነ ሌላው ገጽ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ እያሳየ አያስገባኝም። በዚያው ዋይፋይ ስልኬ ያለ ችግር ይሠራል። ዊንዶውስን አፕዴት ለማድረግ ስሞክርም 0ኤክስ80072ኤፍ8ኤፍ የሚል የስህተት ቁጥር ይወጣል።

ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ወስጄው ነበር። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱ ቫይረስ ነው፣ ፎርማት መደረግ አለበት አሉኝ። የዕድሩ የብዙ ዓመት ሒሳብና የቤተሰቡ ፎቶግራፎች በውስጡ ስላሉ ሳላስነካ መልሼ አመጣሁት። ይህ በእርግጥ ቫይረስ ነው ወይ? ፎርማት ሳይደረግ የሚስተካከልበት መንገድስ አለ?

መልስ፦ ከኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ አዳማ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሳያስነኩ መመለስዎ መልካም ነው፤ የዘረዘሩት ምልክት የባትሪ እንጂ የቫይረስ አይመስልም። በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ፣ ማዘርቦርድ በምንለው ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ክብና ጠፍጣፋ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የተባለችው፣ 3 ቮልት የምትሰጠው፣ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ናት። ሥራዋም ኮምፒውተሩ ምንም ዓይነት ኤሌክትሪክ በማያገኝበት ጊዜ የሰሌዳው ሰዓት እንዳይቆም ማድረግ፣ በብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይም ባዮስ የሚባለውን የመነሻ አደረጃጀት ማቆየት ነው። ገመዱ ሶኬት ላይ እንዳለ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ሰሌዳው ጥቂት ኃይል ስለሚያገኝ የባትሪዋ ድካም አይታወቅም፤ መብራት ሲሄድ ግን ሸክሙ ሁሉ በእርሷ ላይ ይወድቃል፣ ከደከመችም ሰዓቱ ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ቀን ይመለሳል። ኤፍ 1 ተጫኑ የሚለው ጽሑፍም አደረጃጀቱ መጥፋቱን የሚናገር ነው።

ፎርማት የሚያጠፋው ሀርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ነው። የደከመችው ባትሪ ግን እዚያው ስለምትቆይ፣ ፋይልዎ ጠፍቶ ችግሩ በሚቀጥለው የመብራት መቋረጥ ይመለስ ነበር። የደንበኛን ኮምፒውተር ሳይመረምሩ ወደ ፎርማት መቸኮል በእኛ ሙያ ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝ ልማድ ነው።

ለማረጋገጥ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ቀኑን አስተካክለው ገመዱን ሳይነቅሉ ሪስታርት ያድርጉት፤ ቀኑ እንዳለ መቆየት አለበት። ከዚያ በሥርዓቱ ይዝጉት፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ያሳድሩት፣ ጠዋትም ሰክተው ይክፈቱት። ሪስታርት ሲደረግ የማይጠፋው ቀን ተነቅሎ ሲያድር ከጠፋ፣ ጥፋቱ የባትሪዋ ለመሆኑ ብዙም ጥርጥር አይኖርም። በየምሽቱ የሶኬት ማከፋፈያውን የሚያጠፉ ከሆነ ደግሞ ባትሪዋ መብራት ባይሄድም ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ኖራለች ማለት ነው።

መልስ፦ ከሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር ትምህርት መምህርት፣ ሐዋሳ

በባትሪው ጉዳይ ከወንድሜ ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን ቀኑን ካስተካከሉ በኋላም ኢንተርኔቱ ያልከፈተበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ተማሪዎቼንም ሆነ ወላጆቻቸውን ሲያስቸግር ስለማየው በዝርዝር ላስረዳ።

ዊንዶውስ የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ነው። እርስዎ 2018 ብለው ሲሞሉ እኛ ያለንበትን ዓመት ማለትዎ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የፈረንጆቹን 2018 አድርጎ ስለሚቀበለው ከትክክለኛው ቀን ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ ደግሞ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው ምስክር ወረቀት ይዞ ይቀርባል። የአብዛኞቹ ምስክር ወረቀቶች ዕድሜ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በ2018 ላይ የቆመ ኮምፒውተር ሲመለከታቸው ገና ወደፊት የሚሰጡ ወረቀቶች ሆነው ይታዩታል፤ ስለዚህ አያምናቸውም። ያ የአፕዴት ስህተት ቁጥርም ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ስልክዎ ቀኑን ከኔትወርኩ ስለሚወስድ አልተቸገረም።

ስለዚህ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ባለው ጊዜ በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8 ይደምሩ። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። ከመደመር ይልቅ ግን ስልክዎ ላይ ያለውን የፈረንጆች ቀን አይቶ መገልበጥ ይቀላል፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ወሩን ከቀኑ አስቀድመው እንደሚጽፉ ብቻ ልብ ይበሉ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲል ኮምፒውተሩ 9 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲል ደግሞ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ማለት አለበት።

የሚሞላበት ቦታ የሚገኘው ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ሰዓት በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ቀንና ሰዓት ማስተካከያ የሚለውን ሲመርጡ ነው። እዚያ የሰዓት ቀጠናው ናይሮቢ፣ ሲደመር 3 ሰዓት የሚለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ በዝርዝሩ ውስጥ የአዲስ አበባ ስም ባይኖርም የኬንያና የእኛ ቀጠና አንድ ነው። ቀኑን በእጅ ካስተካከሉ በኋላ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ እንዲወስድ የሚያደርገውን ማብሪያ ያብሩ። ይህ ማብሪያ ብቻውን ሁልጊዜ በቂ አይደለም፤ በተለመደው አደረጃጀቱ የሰዓት አገልግሎቱ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት በላይ ሲሆን ለማረም ፈቃደኛ አይሆንም፣ በዓመታት የተዛባውን መጀመሪያ በእጅ ማቅረብ ያስፈልጋል።

መልስ፦ ከሌላ አባል፣ ሐዋሳ፣ መናኸሪያ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በዚህ አጋጣሚ ዊንዶውስ 11ን በአዲስ መልክ ቢያስጭኑበት ሁሉም ችግር በአንድ ጊዜ አይፈታም?

መልስ፦ ከጥገና ባለሙያው፣ አዳማ

የድጋፉ ማብቃት እውነት ነው፣ ሊታሰብበትም ይገባል። ሆኖም ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል፤ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች ደግሞ በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ናቸው የሚፈቀድላቸው። ባትሪው የደከመ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ቢሟላለት እንኳ በደከመ ባትሪ ላይ የተጫነ ዊንዶውስ 11ም ቀኑን መርሳቱ አይቀርም። ጋሼ መጀመሪያ ባትሪውን ይቀይሩ።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህርቷ እንዳሉት የስልኬን ቀን አይቼ ስሞላው ጉግል ወዲያው ተከፈተ። ባለሙያው ያዘዙትንም አደረግሁ፤ ሪስታርት ሳደርገው ቀኑ አልጠፋም፣ ተነቅሎ ሲያድር ግን ወደ 2010 ተመለሰ። ባትሪዋን የልጅ ልጄ እየረዳኝ ራሳችን ብንቀይረው አደጋ ይኖረዋል?

መልስ፦ ከጥገና ባለሙያው፣ አዳማ

በጥንቃቄ ከተሠራ የማያስቸግር ሥራ ነው። ከሁሉ በፊት የዕድሩን ፋይሎችና ፎቶግራፎቹን በፍላሽ ወይም በውጭ ሀርድ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፣ የተገለበጠውንም ከፍተው መሥራቱን ይዩ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 2 ወይም ዴል የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው በመጫን ወደ ባዮስ ይግቡና እያንዳንዱን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በተለይ ሳታ የሚለው፣ ማለትም ሀርድ ዲስኩ ከሰሌዳው ጋር የሚገናኝበትን ስልት የሚያሳየው መስመር ኤኤችሲአይ ይበል ወይም ሌላ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ መስመር ከተለወጠ ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ላይነሳ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሰዎች ሀርድ ዲስኩ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ይዝጉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ የቀረው ኃይል እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይቆዩ። የጎን ክዳኑን ከፍተው እጅዎን ያልተቀባው የሣጥኑ ብረት ላይ ያሳርፉ፤ ይህም በሰውነት ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ሰሌዳውን እንዳይጎዳ ይረዳል። ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽ ብረት በጥፍርዎ ወይም በፕላስቲክ ነገር ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጓት ባትሪዋ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ ወደ እርስዎ እንዲሆን አድርገው ያስገቡ። ሲገዙም ያልተከፈተ ማሸጊያ ያላትን ይምረጡ፤ የድሮዋን ይዘው ቢሄዱ ሻጩ አይሳሳትም። ክዳኑ እንደተከፈተ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ቢያነሱለት ደግ ነው፤ እኛ ጋ በአዳማ ሙቀትና አቧራ ተደፍኖ የሚመጣው ማሽን ብዙ ነው።

ሲጨርሱ እንደገና ወደ ባዮስ ይግቡ፣ የፈረንጆቹን ቀንና ሰዓት ይሙሉ፣ የተቀረውን ካነሱት ፎቶ ጋር ያመሳክሩ፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ኤፍ 10 በመጫን መዝግበው ይውጡ።

አሮጌዋን ባትሪ ግን እባክዎ ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ሕፃን ልጅ ቢውጣት ጉሮሮውን በ2 ሰዓት ውስጥ እንኳ ክፉኛ ልታቃጥል ስለምትችል፣ በፕላስተር ጠቅልለው ልጆች ከማይደርሱበት ያርቋት፤ ተውጣለች የሚል ጥርጣሬ ካለ ሳይቆዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

መልስ፦ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሐዋሳ

አባቴ፣ እኔ የምጨምረው ስለ ሀርድ ዲስኩ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ባትሪው ከተቀየረ በኋላ ዲስኩን ቢያስፈትሹት ጥሩ ነው። ዲስ ፒሲ የሚለውን ይክፈቱ፣ ሲ የሚለውን ድራይቭ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ቱልስ፣ ከዚያ ቼክ የሚለውን ይምረጡ። ለማስተካከል ሪስታርት ልሁን ብሎ ከጠየቀ ይፍቀዱለት፤ ረዘም ያለ ጊዜ ቢወስድም በመካከል አያጥፉት።

አቅም ከፈቀደ ዩፒኤስ የተባለውን፣ መብራት ሲሄድ ከራሱ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ይግዙ። መብራት ሲሄድ የሚሠሩትን መዝግበው በሥርዓቱ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጥዎታል። ዩፒኤስ እስኪገኝ ድረስ መብራት ሲሄድ ገመዱን ነቅለው፣ ኃይሉ ከተመለሰና ከተረጋጋ በኋላ ቢሰኩት ከመዋዠቁ ይድናል።

አዲስ ላፕቶፕ ያላቸው አንባቢዎች ይህን ሁሉ እንዳለ እንዳይከተሉ አደራ እላለሁ። በአንዳንዶቹ ላይ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ የተቆለፈ ስለሆነ፣ የባዮስ አደረጃጀት ሲለወጥ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩን በማይክሮሶፍት አካውንታቸው ውስጥ አግኝተው ሳይጽፉ ምንም መንካት የለባቸውም።

ከጠያቂው

ባትሪዋ ተቀየረች፣ ዲስኩም ተፈተሸ። ተነቅሎ አድሮም ቀኑ አልጠፋም፣ ኤፍ 1 የሚለውም ጽሑፍ ቀርቷል። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፦ ቀኑ ተዛብቶ በነበረበት ጊዜ የሠራኋቸው የዕድሩ መዝገቦች ከዝርዝሩ ግርጌ ሄደዋል። በውስጣቸው የጻፍኳቸው የክፍያ ቀኖችስ ተለውጠው ይሆን?

መልስ፦ ከመምህርቷ፣ ሐዋሳ

እንኳን ተሳካልዎ። በእጅዎ የጻፏቸው ቀኖች አይለወጡም። ግርጌ የሄዱት ፋይሎቹ የተመዘገቡበት ቀን በወቅቱ የተሳሳተ ስለነበር ነው፤ እያንዳንዱን ከፍተው እንደገና ሴቭ ቢያደርጉት የዛሬውን ቀን ይይዛል። የዕለቱን ቀን በራሱ እንዲያመጣ ቀመር ያስገቡበት ክፍል ካለ ግን በተከፈተ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ለደረሰኝ አይሁን።

የዕድሩን ቀን በእኛ አቆጣጠር መጻፍዎን ይቀጥሉ፤ ለዚያ ዓምድ ብቻ ከመጻፍዎ በፊት ዓይነቱን ቴክስት ያድርጉት። ኤክሴልም የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወራት ስለሆነ፣ ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብለው ቢጽፉ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌላት እንደ ቀን አይቀበለውም፤ በአሜሪካ አጻጻፍ በተዋቀረ ኮምፒውተር ላይ ጳጉሜ 5ን 5/13/2018 ቢሉት ደግሞ ሳይጠይቅዎ ሜይ 13 ያደርገዋል። ዓምዱ ቴክስት ከሆነ የጻፉት እንደጻፉት ይቆያል። በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደር ከፈለጉም ዓመቱን፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ይጻፉ፤ ጥቅምት 4 ለምሳሌ 2018/02/04 ይሆናል።