ዋይፋዩ አለ፣ ቴሌግራም ይሠራል፣ ድረ ገጽ ግን አይከፈትም፦ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከሳሪስ

ሰላም ለሁላችሁ። የቤታችን ኢንተርኔት ግራ አጋብቶኛል። ዋይፋዩ ሙሉ ነው። ቴሌግራም ይልካል፣ ይቀበላል። ክሮም ላይ ድረ ገጽ ስከፍት ግን ይሽከረከር ይሽከረከርና ገጹ አልተገኘም ይለኛል። ከሥሩ ዲኤንኤስ የሚል ቃል አለበት። የእናቴም ስልክ፣ የወንድሜም ላፕቶፕ ያው ነው። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ለትንሽ ጊዜ ይስተካከላል፣ ከዚያ ይመለስበታል። በሞባይል ዳታ ሁሉም ይከፈታል። ወንድሜ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ኦንላይን መሙላት አለበት፣ ዳታው ደግሞ እያለቀብን ነው። ቴክኒሺያን ከመጥራቴ በፊት ራሴ የማየው ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የኔትወርክ ባለሙያ

እህቴ፣ ቴሌግራም መሥራቱን መጻፍሽ በጣም ጠቅሞናል። መስመሩ አልተቋረጠም ማለት ነው። የታመመው ስም ፍለጋው ይመስላል።

ኮምፒውተር ድረ ገጽን የሚያገኘው በቁጥር ነው፣ አይፒ አድራሻ በሚባለው። ስሙን ስትጽፊ መጀመሪያ ዲኤንኤስ ሰርቨርን «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካጣ ወደ ገጹ መሄድም አይጀምርም። ቴሌግራም ግን የሰርቨሮቹን ቁጥር መተግበሪያው ውስጥ ስለያዘ ሳይጠይቅ ይገባል።

አሁን በግምት ምንም አትንኪ። መጀመሪያ እንለየው። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት ክፈቺ። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፒንግ ብለሽ፣ ክፍተት ትተሽ፣ 8.8.8.8 ጻፊ። ይሄ የጉግል ዲኤንኤስ ቁጥር ነው። መልስ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው። ቀጥሎ ኤንኤስሉክአፕ (nslookup) በሚለው ትእዛዝ የአንድ ድረ ገጽ ስም ጠይቂ። ከዚያ ያንኑ ድገሚና ከስሙ ኋላ 8.8.8.8 ጨምሪበት። የመጀመሪያው የቤትሽን ዲኤንኤስ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ጉግልን በቀጥታ። ሁለቱ ምን እንዳሉሽ ጻፊልን።

ጠያቂ

በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩት። ፒንጉ ወዲያው መለሰ። የመጀመሪያው ጥያቄ 192.168.1.1 የሚል ቁጥር አሳየና ቆይቶ ጊዜው አለፈ አለኝ። 8.8.8.8 ስጨምርበት መልሱ በአንዴ መጣ።

የኔትወርክ ባለሙያ

በቃ፣ ተገኘ። 192.168.1.1 ራውተርሽ ነው። የቤቱን ጥያቄ ሁሉ ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ሰርቨር ያስተላልፋል። ወይ እሱ ራሱ ማስተላለፍ አቅቶታል፣ ወይ የላከለት ሰርቨር አይመልስም። ሲጠፋና ሲበራ ለጥቂት ጊዜ መዳኑን ሳይ ራውተሩን ነው የምጠረጥረው።

የራውተሩን ሰቲንግ ክፈቺ። አድራሻውና ፓስወርዱ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተለጥፏል። ዲኤንኤስ የሚጻፍበት ቦታ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የኢንተርኔት መስመሩ ገጽ ላይ ያለውን ብትቀይሪ ጥያቄው አሁንም በራውተሩ በኩል ያልፋል። ዲኤችሲፒ በሚለው ገጽ ላይ ያለውን ቀይሪ፣ ራውተሩ ለቤቱ ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ የትኛውን ዲኤንኤስ እንደሚጠይቁ የሚነግረው በእሱ ነው። አንደኛ 1.1.1.1 (ክላውድፍሌር የሚባለው ድርጅት ዲኤንኤስ)፣ ሁለተኛ 8.8.8.8። ያኔ ስልኮቹም ላፕቶፖቹም ራውተሩን ትተው እነሱን በቀጥታ ይጠይቃሉ። ከቀየርሽ በኋላ እያንዳንዱን ከዋይፋይ አውጥተሽ መልሰሽ አገናኚ፣ አለዚያ የድሮውን ይዘው ይቀጥላሉ።

አባል፣ ከአዳማ

ማመልከቻው አስቸኳይ ከሆነ ግን ራውተሩ እስኪስተካከል ወንድምሽ ስልኩ ላይ ይጀምር። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ባሉት ሰቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል አለ። እዚያ ቁጥር አይጻፍም፣ ስም ነው የሚጠይቀው። የጉግሉ ስም ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ጉግል ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት። የስልኩ ቀንና ሰዓት የተዛባ ከሆነ ግን እሱም እምቢ ይላል።

ሌላ አባል

ከመቀየርሽ በፊት እዚያ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሺው። አቅራቢው የማያውቀው ቁጥር ከሆነ ሌላ ሰው ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ይሄ የፈጠራ ስጋት አይደለም። ዲኤንኤስቼንጀር የሚባለው ቫይረስ የሰዎችን ዲኤንኤስ ወደ ወንጀለኞች ሰርቨር ያዞር ነበር። ኤፍቢአይ ከያዛቸው በኋላ በቦታው የተተኩት ጊዜያዊ ሰርቨሮች ሐምሌ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲዘጉ፣ ያልጸዱት ኮምፒውተሮች ድረ ገጽ መክፈት አቃታቸው። ስለዚህ የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድም ቀይሪው። የዋይፋዩን አይደለም፣ የሰቲንጉን።

አባል፣ ከባሕር ዳር

እኔ የአቅራቢውን ዲኤንኤስ ቶሎ መተው አልወድም። ቪዲዮና ትልልቅ ፋይል አንዳንዴ ቅርብ ካለ ሰርቨር የሚመጣልን በእሱ በኩል ስንጠይቅ ነው። ከቀየርሽ በኋላ ዩቲዩብ ከቀድሞው ከተጎተተ የእነሱን ቁጥር ራሱን ዲኤችሲፒው ላይ በቀጥታ ጻፊውና ሞክሪ።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ! ዲኤችሲፒው ላይ የነበረው ያው የራውተሩ ቁጥር ነው። ቀየርኩት። የእኔም የእናቴም ስልክ ሁሉንም ከፈተ። የወንድሜ ላፕቶፕ ብቻ አሁንም እምቢ አለ። ከዋይፋይ አውጥቼ መልሼዋለሁ።

የኔትወርክ ባለሙያ

ላፕቶፑ መሥሪያ ቤት አገልግሎ ከሆነ ዲኤንኤስ በእጅ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል። በእጅ የተጻፈ ካለ ራውተሩ የሚሰጠውን አይሰማም። የዋይፋዩን ሰቲንግ ገብተሽ ዲኤንኤሱን አውቶማቲክ አድርጊው። ቪፒኤን ካለውም አጥፊና እዪ።

ጠያቂ

አዎ፣ በ10 የሚጀምር ቁጥር ተጽፎበት ነበር። ላፕቶፑን ከቢሮ ነው የገዛው። አውቶማቲክ ሳደርገው ተከፈተ፣ ማመልከቻውን እየሞላ ነው። ራውተሩን መቀየር አለብኝ?

የኔትወርክ ባለሙያ

ለዚህ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። የሶፍትዌር ማሻሻያ ካለው ጫኚለት። ፒንጉም መቆራረጥ ከጀመረ ግን ያ ሌላ ችግር ነው፣ ያኔ ለአቅራቢው ደውይ።